የፖርቱጋል ቋንቋ ከትንሽ አገር ተነሥቶ ወደ ብዙ ሕዝብ ስለ መድረሱ የተነገረ ንግግር



በገበያ የሚሸጠውን ብርቱካን የማያውቅ የለም፤ ስሙ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዐረቦች ይህን ፍሬ «ቡርቱቃል» ይሉታል፤ ይህም የፖርቱጋል አገር ስም ነው። ጣፋጩን ብርቱካን የፖርቱጋል መርከበኞች ከሩቅ ምሥራቅ አምጥተው ስለ ነገዱበት፤ ዐረቡም ቱርኩም ፋርሱም ፍሬውን በነጋዴው አገር ስም ጠራው። ስሙም ከዐረብ ወደ አማርኛ ተሻግሮ ብርቱካን ሆነ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሕፃን ፖርቱጋል የምትባል አገር መኖርዋን ገና ሳይሰማ ስሟን እየጠራ ያድጋል ማለት ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ፍሬው አይደለም፤ የአገሪቱ ቋንቋ ነው። ፖርቱጋል በአውሮፓ ምዕራብ ዳርቻ፤ በእስጳንያና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ያለች ትንሽ አገር ናት። የመሬትዋ ስፋት 92 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፤ የሕዝብዋም ቍጥር ከ10 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነው። ቋንቋዋን የሚናገረው ሕዝብ ግን በዓለም ሁሉ 260 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። ከ25 ተናጋሪ መካከል በፖርቱጋል ምድር የሚኖረው አንድ ብቻ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም፤ የቀሩት 24ቱ ከሌላ አገር፤ አብዛኞቹም ከሌላ ዘር የተወለዱ ናቸው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «በመርከብና በሰይፍ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነትነቱ በግማሽ ነው። ሰይፉ በደረሰበት ስፍራ ሁሉ ቋንቋው ሥር አልሰደደም፤ በአፍሪካም ቋንቋው እጅግ የሰፋው ሰይፉ ወደ ሰገባው ከተመለሰ በኋላ ነው። ነገሩ በየተራው ቢታይ ይገለጣል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፖርቱጋልኛ የላቲን ልጅ ነው። የሮማ ወታደሮችና ሰፋሪዎች ወደዚያ ምድር ይዘውት የገቡት በመጽሐፍ የሚጻፈው ያማረው ላቲን ሳይሆን በሰፈርና በገበያ የሚነገረው ነበር፤ እርሱም በብዙ መቶ ዓመት ውስጥ እየተለወጠ ሄዶ በሰሜኑ ክፍል አዲስ ልሳን ሆነ። ከ711 ዓ.ም. ጀምሮ እስላሞች ከሰሜን አፍሪካ ተሻግረው አብዛኛውን አገር ስለ ገዙ ከዐረብኛም ብዙ ቃል ገባበት። ፖርቱጋላዊ ስኳርን «አሱካር»፤ ሩዝን «አሮዝ»፤ የወይራን ዘይት «አዘይት» ይላል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ሦስት ቃላት ያለ አስተርጓሚ ይሰማቸዋል።

መንግሥቱ በ1143 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ከቆመ በኋላም ሊቃውንቱ ይጽፉ የነበረው በላቲን ነው። ይህም በኢትዮጵያ ሊቃውንቱ በግእዝ ሲጽፉ ሕዝቡ በየልሳኑ ይነጋገር እንደ ነበረው ያለ ነው፤ ምንም እንኳ ላቲን ለፖርቱጋልኛ እናት፤ ግእዝ ግን ለአማርኛ ታላቅ ዘመድ ነው የሚሉ ሊቃውንት ቢኖሩ። ነገሩን የለወጠው ከ1279 እስከ 1325 የነገሠው ንጉሥ ዲኒሽ ነው። እርሱ የመንግሥቱ ጽሕፈት በሕዝቡ ቋንቋ እንዲሆን አደረገ፤ በ1290 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ አቆመ፤ ራሱም ባለቅኔ ስለ ነበረ ወደ 137 የሚሆን ግጥም በዚሁ ቋንቋ ትቶ አልፎአል። የቋንቋው የመጀመሪያ ሰዋስው ግን የታተመው ዘግይቶ በ1536 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ቋንቋ ውስጥ ለቤተ ክህነት ተማሪ ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የዕለታት ስም ነው። ፈረንሳዊው፣ ጣሊያኑና እስጳኙ ማክሰኞን በማርስ፣ ረቡዕን በመርኩሪዮስ፣ ኀሙስን በጁፒተር፣ ዓርብን በቬኑስ፤ ማለት አሕዛብ ያመልኩአቸው በነበሩት አማልክት ስም እስከ ዛሬ ይጠራሉ። ፖርቱጋላዊው ግን በቍጥር ይጠራል። ሰኞን «ሴጉንዳ ፌይራ» ይላል፤ «ሴጉንዳ» ማለት ሁለተኛ ነው። ማክሰኞ ሦስተኛ፤ ረቡዕ አራተኛ፤ ኀሙስ አምስተኛ፤ ዓርብ ስድስተኛ ይባላል። ቅዳሜ «ሳባዱ»፤ ማለት ሰንበት፤ እሑድም «ዶሚንጉ»፤ ማለት የጌታ ቀን ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የብራጋ ጳጳስ የነበረው ማርቲን ገበሬዎቹ ቀኖቻቸውን በጣዖት ስም እንዳይጠሩ አጥብቆ ይገሥጽ ስለ ነበረ ሥርዓቱ ከእርሱ ጋራ ተያይዞ ይነገራል። ግእዙም እሑድን አንደኛ አድርጎ ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ኀሙስ እያለ ይቈጥራል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ቍጥር መያዛቸው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ልማድ የመጣ እንጂ አንዱ ከሌላው የተማረው አይደለም።

የአክብሮቱም አነጋገር ቢሆን ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም። በፖርቱጋል ቀድሞ ታላቅ ሰው «ቮሳ ሜርሴ»፤ ማለት ጸጋዎ፤ እየተባለ ይጠራ ነበር። ይህ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየተሸረፈ «ቮሴ» ብቻ ቀረ። ዛሬ በብራዚል «ቮሴ» ማለት አንተ ወይም አንቺ ማለት ነው፤ በፖርቱጋል ግን ይህን ቃል ለሽማግሌ መናገር አንዳንድ ጊዜ እንደ ድፍረት ይቈጠራል። በኢትዮጵያም «አንቱ» እና «እርስዎ» እንደየአገሩ ልማድ ክብደታቸው እንደሚለያይ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ ጕዞ እንለፍ። ፖርቱጋሎች በ1415 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ ሴውታን ያዙ። ከዚያም የአፍሪካን ዳርቻ እየተከተሉ ወረዱና በ1488 ባርቶሎሜው ዲያሽ የደቡቡን ጫፍ ዞረ፤ በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ ደረሰ፤ በ1500 ፔድሮ ካብራል ብራዚልን አገኘ። በ1510 ጎዋን፤ በ1511 ማላካን ወሰዱ፤ በ1557 ደግሞ በቻይና ዳርቻ በማካው ሰፈሩ። እንዲህም ሆኖ ይህ ቋንቋ በአራት አህጉር ወደብ ላይ ተሰማ።

ይህ ጕዞ ኢትዮጵያንም ነክቶአል። ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ በ1487 ዓ.ም. የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው ሰው በየብስና በባሕር ሲዞር ቆይቶ ኢትዮጵያ ገባ፤ ርስት ተሰጠው፤ ሚስት አገባ፤ ወደ አገሩም እንዲመለስ አልተፈቀደለትም። በ1520 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ በኩል ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጡ ጊዜ ይህ ሰው ገና በሕይወት ስለ ነበረ የአገሩን ጠባይና ቋንቋ አስረዳቸው። ከመልእክተኞቹ ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እስከ 1526 ዓ.ም. ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ዓ.ም. በሊዝቦን ታተመ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ አንባቢ የገለጠ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው፤ የተጻፈውም በፖርቱጋልኛ ነው።

ጕዞው የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ንግሥት እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1514 ዓ.ም. ሊዝቦን ደርሶአል። ከእርሱም በኋላ ጸጋ ዘአብ የተባለው የኢትዮጵያ ካህን በ1527 ዓ.ም. ወደዚያ ሄዶ ብዙ ዓመት ተቀመጠ፤ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖትና ሥርዓት የሰጠውንም ቃል ዳሚያው ዴ ጎይሽ የተባለው የፖርቱጋል ሊቅ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ዓ.ም. አሳተመው። በ1541 ዓ.ም. የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው 400 ያህል ወታደር ይዞ ከግራኝ ጋራ ሊዋጋ ገባ፤ እርሱ በ1542 ተገደለ፤ ከወታደሮቹ የተረፉት ግን ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋራ ሆነው በ1543ቱ ድል ተካፈሉ፤ ብዙዎቹም በኢትዮጵያ ቀሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። እነዚህ ሰዎች የነበራቸው ቋንቋ በዚያው ዘመን በብራዚልና በሕንድ ዳርቻ ይዘራ የነበረው ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ ግን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የእናታቸውን ልሳን ይዘው አደጉ፤ የአባቶቻቸውም ልሳን ከጥቂት ትውልድ በኋላ ጠፋ። በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄሶችም ቢሆኑ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ መጽሐፍ በፖርቱጋልኛ ጻፉ፤ ትውልዱ እስጳኛዊ የሆነው ፔድሮ ፓኤስ እንኳ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ነገር ግን በሃይማኖት ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዐፄ ፋሲለደስ ከአገር አስወጡአቸው። ቋንቋው ያልተተከለበት ምክንያት የሰዎቹ ማነስ ብቻ አይደለም። አገሩ የራሱ ፊደል፣ የራሱ መጽሐፍ፣ የራሱ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረው የእንግዳው ቋንቋ የሚሞላው ባዶ ስፍራ አላገኘም።

በእስያ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ቋንቋው የንግድ ቋንቋ ሆነ። ከሕንድ እስከ ጃቫ ባሉት ወደቦች ከልዩ ልዩ ነገድ የመጡ ነጋዴዎች፣ መርከበኞችና ባሮች የሚግባቡት በተሰባበረ ፖርቱጋልኛ ነበር። ሆላንዶች በ1641 ዓ.ም. ማላካን ከፖርቱጋሎች ቀሙ፤ ቋንቋውን ግን መቀማት አልቻሉም። በገዛ ከተማቸው በባታቪያ፤ ማለት ዛሬ ጃካርታ በምትባለው፤ ሚስቶቻቸውና አገልጋዮቻቸው ፖርቱጋልኛ ይናገሩ ነበር። አዲስ ኪዳንን ወደ ፖርቱጋልኛ ተርጕሞ በ1681 ዓ.ም. ያሳተመው ዡዋው ፌሬይራ ዴ አልሜይዳም ሥራውን የሠራው በፖርቱጋል አይደለም፤ ከፖርቱጋል ጠላቶች ከሆላንዶች ጋራ ሆኖ በዚሁ በእስያ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በአቡ ሩሚ እጅ በካይሮ እንደ ተተረጐመ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ አያስደንቀውም፤ መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ ከአገሩ ውጭ ይወለዳል።

ከዚያ ዘመን የቀረው ዛሬ በየሰው ቤት ይገኛል። የማላይና የኢንዶኔዥያ ሰው ቤተ ክርስቲያንን «ግሬጃ»፤ መስኮትን «ጀንዴላ»፤ ጫማን «ሰፓቱ»፤ እሑድን «ሚንጉ» ይላል፤ ሁሉም የፖርቱጋል ቃል ነው። በሕንድ ቍልፍ «ቻቢ» ይባላል፤ ጃፓን ደግሞ ዳቦን «ፓን» ትላለች። ጃፓኖች ፖርቱጋሎችን በ1639 ዓ.ም. ከአገራቸው አስወጥተዋል፤ ዳቦውንና የዳቦውን ስም ግን አላስወጡም። በምሥራቅ አፍሪካም ስዋሂሊ ተናጋሪው ጠረጴዛን «ሜዛ» ይላል። በማላካ ከተማ ግን ከቃላት የበለጠ ነገር ቀርቶአል፤ ክርስታንግ የሚባል ከፖርቱጋልኛና ከማላይ የተዋለደ ልሳን የሚናገሩ ጥቂት ዓሣ አጥማጅ ቤተ ሰቦች ፖርቱጋል ከለቀቀች ከ380 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እስከ ዛሬ ይኖራሉ።

የቋንቋው ትልቁ ቤት ብራዚል ነው። በ2022 ዓ.ም. ሕዝብ በተቈጠረ ጊዜ 203 ሚሊዮን ነፍስ ተገኝቶአል። ብራዚል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፖርቱጋልኛ ተናገረች ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 200 ዓመታት በብዙ ስፍራ የሚነገረው ከአገሬው ከቱፒ ሕዝብ ቋንቋ የወጣውና «የጋራ ቋንቋ» የተባለው ነበር። ቄሶቹ ያስተምሩበት ነበር፤ ዦዜ ዴ አንሼታ የተባለው ቄስም የዚህን የዳርቻ ሕዝብ ልሳን ሰዋስው ጽፎ በ1595 ዓ.ም. አሳትሞአል። የፖርቱጋል ሰፋሪ ልጅ እንኳ ከሞግዚቱና ከእናቱ የሚሰማው ይህን ነበር።

ይህን የለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ወርቅ ነው፤ ከ1690 ዓ.ም. በኋላ በሚናስ ዤራይስ አውራጃ ወርቅ ስለ ተገኘ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ከፖርቱጋል ፈለሰ። ሁለተኛው ሕግ ነው፤ የማርኪዝ ፖምባል መንግሥት በ1757 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ያ የጋራ ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣና ልጆች በፖርቱጋልኛ ብቻ እንዲማሩ አዘዘ። ሦስተኛውና ሲነገር የሚያሳዝነው የባሪያ ንግድ ነው። ከአፍሪካ ታስረው ወደ ብራዚል የገቡት ሰዎች ቍጥር ከ4 ሚሊዮን ተኩል ይበልጣል። ከልዩ ልዩ ነገድ የተሰበሰቡ ስለ ነበሩ እርስ በርሳቸው ለመግባባት የቀረላቸው የገዢያቸው ቋንቋ ብቻ ነበር። እንግዲህ ፖርቱጋልኛን በብራዚል ምድር ከሁሉ ይልቅ ያስፋፋው የፖርቱጋል ሊቅ ሳይሆን የራሱን ልሳን የተነጠቀው አፍሪካዊ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እርሱም ቋንቋውን እንደ ተቀበለው አልተወውም። ብራዚላዊ የመጨረሻ ልጁን «ካሱላ» ይለዋል፤ የሚወዱትን ሰው ጠጕር በጣት እየዳበሱ ማባበልንም «ካፉኔ» ይለዋል፤ ሁለቱም ከአንጎላ ከኪምቡንዱ ቋንቋ የመጡ ናቸው። በእርሻና በጭነት ሥራ የተጨነቀ ሕዝብ ለገዢው ቋንቋ የሰጠው የፍቅር ቃል መሆኑ ልብ የሚባል ነው። ባርነት በብራዚል የተሻረው በ1888 ዓ.ም. ሲሆን፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1897 የብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ሲቋቋም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ማሻዶ ዴ አሲስ በአባቱ በኩል ነፃ የወጡ ባሮች የልጅ ልጅ ነበር። በልጅነቱ በማተሚያ ቤት ያገለገለ፤ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን በቋንቋው ከጻፉት ሁሉ ከታላላቆቹ ይቈጠራል።

ወደ አፍሪካ ሲመጣ ነገሩ ከዚህም የጠነከረ ነው። ፖርቱጋል በአንጎላና በሞዛምቢክ ዳርቻ ከ400 ዓመት በላይ ተቀምጣ ሳለች ያቆመችው ትምህርት ቤት እጅግ ጥቂት ነበር። እስከ 1961 ዓ.ም. በነበረው ሕግ አፍሪካዊው «የአገሬው ተወላጅ» ተብሎ ከዜግነት ወጥቶ ይኖር ነበር፤ ዜጋ ሊባል ቢፈልግ ፖርቱጋልኛን አጥርቶ መናገሩን ማስመስከር ነበረበት። ቋንቋው የሚማሩት ሳይሆን የሚለካኩበት በር ሆነ። ሞዛምቢክ በ1975 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ከመቶው ሰው ከ90 የሚበልጠው ማንበብ አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ለነፃነት የተነሡት ሰዎች ይህን ቋንቋ አሽቀንጥረው ይጥሉታል ተብሎ ቢጠበቅ ያስፈርድ ነበር። ያደረጉት ግን ተቃራኒውን ነው። በሞዛምቢክ ጫካ የተዋጉት ማኩዋው፣ ማኮንዴው፣ ሻንጋኑና ሌላውም በአንድ ሰፈር ሲገናኙ የሚግባቡበት ሌላ ልሳን ስላልነበራቸው ትእዛዙንም ትምህርቱንም በፖርቱጋልኛ አደረጉ። የጊኒ ቢሳውና የኬፕ ቬርዴ መሪ አሚልካር ካብራልም ቋንቋውን ከገዢው ለይቶ ያይ ነበር፤ ፖርቱጋሎች ከተዉት ነገር ከሚጠቅመው አንዱ ቋንቋቸው መሆኑን ለተከታዮቹ ያስተምር ነበር። ይህ ሰው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በ1972 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተሰበሰበ ጊዜ መጥቶ የሕዝቡን አቤቱታ ተናግሮአል፤ ምክር ቤቱም በዚያው ጉባኤ ፖርቱጋል ከአፍሪካ አገሮች እጇን እንድታነሣ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ካብራል ነፃነቱን ሳያይ በጥር 1973 ተገደለ። በሚያዝያ 1974 የፖርቱጋል መኰንኖች የገዛ መንግሥታቸውን ገለበጡ፤ ጊኒ ቢሳው በዚያው ዓመት፤ ሞዛምቢክ፣ ኬፕ ቬርዴ፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ፣ አንጎላ በ1975 ነፃነታቸውን አገኙ።

አሁን ቍጥሩ ይታይ። በ1980 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ፖርቱጋልኛን የአፍ መፍቻው ያደረገ ሰው ከመቶው አንድ ያህል ብቻ ነበር፤ በ2017 ግን ከመቶው 16 ሆኖአል፤ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያውቀው ሲጨመር ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ይሆናል። በአንጎላ በ2014ቱ ቈጠራ ከመቶው 71 ሰው በቤቱ እንደሚናገረው ተገኝቶአል። በ400 ዓመት ያልሆነው በ40 ዓመት ሆነ። ለዚህም ምክንያቱ ትምህርት ቤት ነው፤ ራዲዮ ነው፤ በአንጎላ ደግሞ እስከ 2002 ዓ.ም. የቆየው የርስ በርስ ጦርነት ነው። ከየአውራጃው የሸሸ ሰው በሉዋንዳ ከተማ ተጋፍቶ ሲሰፍር፤ ኪምቡንዱ ተናጋሪው ኡምቡንዱ ተናጋሪዋን አግብቶ ልጃቸው በሁለቱም ልሳን ሳይሆን በፖርቱጋልኛ አፉን ፈታ። ዛሬ ቋንቋው ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ስለ ሆነ በአዲስ አበባ በኅብረቱ አዳራሽ የአንጎላ መልእክተኛ ሲናገር በጆሮ ማዳመጫ እየተተረጐመ ይሰማል።

የምሥራቅ ቲሞርም ነገር ከዚህ ጋራ ይዛመዳል። በ1975 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ያችን አገር ከያዘች በኋላ ፖርቱጋልኛ ከትምህርት ቤት ተከለከለ፤ አርበኞቹ ግን በምስጢር ይጻጻፉበት ነበር። በ2002 ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቱ የአገሩን ቴቱምንና ፖርቱጋልኛን ሁለቱን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። በኢንዶኔዥያ ቋንቋ የተማሩት ወጣቶች በዚህ ማዘናቸው አልቀረም፤ ሽማግሎቹ የተዋጉበት ቋንቋ ለእነርሱ የማያውቁት ነበርና። ይህ ክርክር ዛሬም አልተዘጋም፤ ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

ቋንቋው ባለቤቱ ብዙ ከሆነ ዘንድ ፊደሉን ማን ያርም? ፖርቱጋል በ1911 ዓ.ም. ብራዚልን ሳታማክር አጻጻፉን አቃለለች፤ ሁለቱ አገሮች ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን በየራሳቸው ሲጽፉ ኖሩ። በ1990 በሊዝቦን አንድ ውል ተፈረመ፤ የማይነበቡ ፊደላት ከቃላት መካከል እንዲወጡ ተወሰነ። ፖርቱጋላዊው ሽማግሌ አባቶቹ የጻፉት ፊደል ሲሰረዝ ቅር አለው፤ አንጎላ ደግሞ ውሉን ሳታጸድቅ ቆይታለች። በአማርኛ ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ ይቅሩ አይቅሩ እየተባለ የሚደረገውን ክርክር ለሚያውቅ መምህር ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይመስለውም።

ከዚህ ሁሉ መስፋፋት ጋራ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ከፋዩም በመጀመሪያ ሕፃን ልጅ ነው። በሞዛምቢክ ገጠር ማኩዋ ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን መምህሩ የሚናገረውን አንድ ቃል አይሰማም፤ ፊደሉንና ቋንቋውን በአንድ ጊዜ እንዲማር ይገደዳል፤ ብዙውም ሁለቱንም ሳያገኝ ይቀራል። መንግሥቱ ይህን አይቶ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በእናታቸው ልሳን እየተማሩ ቀስ ብለው ወደ ፖርቱጋልኛ እንዲሻገሩ የሚያደርግ ትምህርት ጀመረ። በኬፕ ቬርዴ ሰው ሁሉ በቤቱ፣ በገበያውና በዘፈኑ የሚናገረው ክሪዮሉ የሚባለውን የአገሩን ልሳን ነው፤ ክፍል ሲገባ ግን መጽሐፉ በፖርቱጋልኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ክሪዮሉ ከፖርቱጋልኛ እኩል የሚሆንበት ሁኔታ እንዲዘጋጅ አዝዞአል፤ ከደሴቶቹ የየትኛው አነጋገር ይጻፍ በሚለው ላይ ግን ክርክሩ ረዘመ። በአንጎላ ደግሞ አያት በኪምቡንዱ ሲናገሩ የልጅ ልጃቸው በፖርቱጋልኛ የሚመልስበት ቤት ብዙ ነው።

በብራዚልም ከ150 የሚበልጡ የነባር ሕዝቦች ልሳኖች አሉ፤ ብዙዎቹ የቀሩላቸው ተናጋሪዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ፖምባል በ1757 ያስከለከለው ያ የጋራ ቋንቋ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በአማዞን ጫካ፤ በሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር ኜንጋቱ፤ ማለት መልካም ቋንቋ፤ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። በዚያ ያለችው የሳኦ ገብርኤል ዳ ካሾኤይራ ከተማ ምክር ቤት በ2002 ዓ.ም. ኜንጋቱን፣ ቱካኖንና ባኒዋን ከፖርቱጋልኛ ጋራ የከተማው የሥራ ቋንቋ አደረገ። በ2023 ዓ.ም. የብራዚል ሕገ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ የነባር ሕዝብ ልሳን ሲተረጐም የተመረጠው ኜንጋቱ ነበር፤ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም መጽሐፉን ይዘው ወደዚያች የወንዝ ዳር ከተማ ሄደው ለሕዝቡ አስረከቡ።